የጋሽ ናፍጣ የመጨረሻ ፊልትሮ

ናፍጣ መኪና በመጠገን የታወቀው መካኒክ ጋሽ ናፍጣ በጋራዡ ውስጥ፣ በአንድ መምህር አሮጌ መኪና ኮፈን ሥር ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ ሰፈሩ በሙሉ አደጋ ነው ብሎ ነበር። የኮፈኑ መደገፊያ ተንሸራትቶ ከባዱ ቆርቆሮ ማጅራቱ ላይ ወረደበት ተባለ። በማግስቱ ግን ሐኪሙ አስከሬኑን መረመረና፣ «ኮፈን እንዲህ አይመታም። ይህ ከኋላ በብረት የመታ ሰው ሥራ ነው» አለ። ፖሊስም ጊዜ አላጠፋም። ሟቹ በሞተበት ዕለት ጠዋት ከእሱ ጋር ሲጨቃጨቅ የተሰማውን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሬሳውን አገኘሁ ብሎ የጮኸውን አማቹን አስሮ ወሰደው።

የሟቹ ልጅ አባቷን ቀብራ ሳትጨርስ ባሏን ልታጣ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራውም ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ባሏ ከአባቷ ጋር በአንድ ጋራዥ ሲሠራ ኖሯል፤ ተጣልተው አያውቁም ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ የተጨቃጨቁበትን ምክንያት አልናገርም ብሎ ድርቅ አለ። «እውነት እሱ ይሆን እንዴ?» የሚለው ሐሳብ በመጣባት ቁጥር በራሷ ታፍራለች፤ ሐሳቡ ግን እፍረቷን ከቁብም አይቆጥረው፣ ደጋግሞ ይመጣል።

በለቅሶው መሀል አጎቷ ወደ ጓዳ ጠራት። የእናቷ ወንድም ነው፤ ከጋራዡ ጎን የመለዋወጫ ሱቅ አለው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ትምህርት ቤት ያመላለሳት፣ የልብስ ስፌት መኪናዋንም የገዛላት እሱ ነው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አላት እጇን ይዞ። «እኔ በምሳ ሰዓት ወደ ነጋዴዎች ስብሰባ ስሄድ አባትሽ የመምህሩን መኪና የናፍጣ ማጣሪያ ፊልትሮ ቀይሮ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጥ ነበር። አንቺም ሰምተሻል አይደል?»

«እኔማ ስሰፋ ነበር አጎቴ። ከማሽኑ በቀር ምን ይሰማኛል?»

«ሰምቻለሁ በዪ። ባልሽ ተጣልቶ የወጣው በጠዋት ነው። አባትሽ በምሳ ሰዓት በሕይወት ከነበረ፣ ባልሽ በጠዋት አልገደለውም ማለት ነው። ገባሽ?»

ገባት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር መጥቶ ሲጠይቃት፣ «አዎ፣ በምሳ ሰዓት ሞተር ሲሠራ ሰምቻለሁ» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ነጭ ሸሚዙ ከጋራዥ ጋር የማይስማማ ሰው ነው። «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» አላላትም። ቢላት ትደነግጥ ነበር። እሱ ግን ያለችውን ቃል በቃል ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ይሄኛው ደግሞ የባሰ ሆነባት።

«በይ እስኪ ጋራዡን ክፈቺልኝ» አላት።

መኪናዋ እንደቆመች ነበረች። የመኪናዋ ባለቤት መምህሩም በሩ ላይ ቆሞ ሲቁለጨለጭ አገኙት።

«መምህር፣ መኪናዎን መቼ አመጡ?»

«በዚያው ዕለት ጠዋት። ዳገት ላይ አቅም እያጣች አስቸገረችኝ። ጋሼም ፊልትሮው ተዘግቷል፣ እቀይረዋለሁ አለኝ። ምሳ ስበላ አላስችል አለኝና ልጠይቅ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ብጣራ ማን ይመልስ። ዝም ጭጭ ያለ ነበር። ምሳ ሄዷል ብዬ ሳልገባ ተመለስኩ።»

ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ኢንስፔክተሩ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። አዲሱ ፊልትሮ ቦታው ላይ ተጠምዶ ያብለጨልጫል፤ ጎኑ ላይ ግን ቀለሙ ዙሪያውን ተቧጭሯል።

«እኔ ስለ መኪና የማውቀው በር መክፈት ነው» አለ። «አባትሽ ይህን ነገር እንዴት ነበር የሚቀይረው?»

«አዲሱን ንጹሕ ናፍጣ ጢም አድርጎ ይሞላዋል። አፉ ላይ ያለውን ጎማ በናፍጣ ያርስና በእጁ ያጠብቀዋል። በመፍቻ የሚያጠብቅ ሰው ካየ ያብዳል፤ 'ጎማውን ልትቀድደው ነው?' ይላል። ከዚያ ፖምፓውን በእጁ እየገፋ አየሩን ያስወጣል።»

«ባልሽስ?»

«ያው ነው። ያስተማረው አባዬ ነው።»

«ሳይሞሉት ቢገጥሙትስ?»

«የናፍጣ ሞተር አየር ከገባበት የት ይነሣል! ቢነሣም ወዲያው ቀጥ ይላል።»

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደ። ብረት አጥብቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ፣ ጨርቅ ጣል የተደረገበት፣ በብረት መጋዝ በሴጌቶ ለሁለት የተቆረጠ ፊልትሮ ተነክሶ ነበር። ላዩ አዲስ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት፤ ውስጡ ያለው ማጣሪያ ወረቀት ግን ጥላሸት የመሰለ ነው። አንሥቶ በጋዜጣ ጠቀለለው። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ የአጎቷ ሱቅ ማኅተም ያለበት ባዶ ካርቶን አገኘ።

ጥቂት ቆይቶ በመስኮቷ ስትመለከት ከአጎቷ ሱቅ ካርቶን ታቅፎ ሲወጣ አየችው።

«ይህን ሁሉ ፊልትሮ? ስንት መኪና ቢኖርዎት ነው ኢንስፔክተር!» እያለ አጎቷ በሣቅ ይሸኘዋል።

«አንድም የለኝም» አለው ኢንስፔክተሩ።

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። ባሏን ሁለት ፖሊሶች በካቴና አመጡት። ፊቱ ከስቷል፤ አንዴ አየት አደረጋትና አቀረቀረ። አጎቷ አጠገቧ መጥቶ ትከሻዋን አቀፋት።

ኢንስፔክተሩ ለአንዱ ፖሊስ ምልክት ሰጠ። መኪናዋ ላይ የተገጠመው ፊልትሮ በእጅ አልፈታ ብሎ በመፍቻ በስንት ትግል ተላቀቀ። ኢንስፔክተሩ በሁሉም ፊት ገለበጠው። ጠብ ያለ ነገር የለም። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ወረቀቱም እንደ ነጣ ነው።

«በዚህ ውስጥ ናፍጣ አልፎ አያውቅም» አለ። «ፊልትሮው ከተገጠመ ወዲህ ይህ ሞተር አልሠራም ማለት ነው። መምህሩ በምሳ ሰዓት ምንም አልሰሙም። ሁለት ሰዎች ግን ሞተር ሰማን ብለዋል። ምንድን ነው የሰማችሁት?»

ልጅቱ ወደ ባሏ አየች። አልሰማሁም ካለች አባቷ በጠዋት ሞቷል፤ በጠዋት የተጣላው ደግሞ ባሏ ነው። በገዛ አፏ ልታሰቅለው ነው። የአጎቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ጠበቅ አለ።

ባሏ ቀና አለ። «የሰማሽውን ብቻ ተናገሪ» አላት። «ስለ እኔ አታስቢ።»

እንባዋ መጣ። «ምንም አልሰማሁም። በዪ ያለኝ አጎቴ ነው። ባሌን ላድን ብዬ ነው የዋሸሁት።»

«ሐዘን ነው የሚያናግራት» አለ አጎቷ፣ እጁን ከትከሻዋ እያነሣ። «እሺ፣ እኔም ተሳስቼ ይሆናል። የሌላ መኪና ድምፅ ይሆናል የሰማሁት። ታዲያ ሰውየው በጠዋት ሞቷል ማለት አይደል? በጠዋት የተጣላው ማን ነው?»

የሁሉም ዓይን ካቴናው ላይ አረፈ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ ዝግ ብሎ። «ይህን ፊልትሮ የገጠመው ሰው ሳይሞላው ገጠመው፤ በመፍቻ ጨምድዶ ቀለሙን ላጠው። ጋሽ ናፍጣም አማቹም እንዲህ አይሠሩም። ስለዚህ ገዳዩ ጋሽ ናፍጣን ሥራውን ሳይጀምር ገደለውና፣ ሥራውን ጨርሶ የሞተ እንዲመስል ፊልትሮውን ራሱ ቀየረው።»

«አማቹ ራሱ ሆን ብሎ አበላሽቶት ቢሆንስ?» አለ አጎቷ።

«ምን ይጠቅመዋል? ሟቹ ዘግይቶ የሞተ ቢመስል የሚጠቀመው ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ የታየ ሰው ነው። አማቹ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሬሳው አጠገብ ነበር። እርስዎ ግን እስከ ማታ በሰው ፊት ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

«እኔ? የእህቴን ባል? ምን በድሎኝ?»

ኢንስፔክተሩ ጋዜጣውን ፈታና ለሁለት የተቆረጠውን ፊልትሮ አሳያቸው። «ጋሽ ናፍጣ ሊገጥመው የነበረውን ይህን ፊልትሮ ቆርጦ አየ። ላዩ አዲስ፣ ውስጡ የተጣለ ዕቃ። እኔም ትናንት ከሱቅዎ የገዛኋቸውን አስቆረጥኳቸው። ሁሉም አሮጌ ናቸው፤ ታጥበው፣ ቀለም ተቀብተው፣ ካርቶን የገቡ።»

«ለካ መኪናዬ ባስቀየርኩ ቁጥር የሚብስባት!» ብሎ መምህሩ ጮኸ።

«ይህን አይተሃል አይደል?» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ታሳሪው ዞሮ።

ባሏ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። «ያን ዕለት ጠዋት ጋሼ ቆርጦ አሳየኝ። ለመካኒኩ ሁሉ እናገራለሁ አለ። እኔ ተው፣ አጎቷን እኛው እንምከረው ብዬ ነው የተጨቃጨቅነው።»

«ውሸቱን ነው!» አለ አጎቷ። «እኔም ተታልዬ ነው። አስመጪው የሰጠኝን ነው የምሸጠው፤ የትኛው እውነተኛ የትኛው ሐሰተኛ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ኢንስፔክተሩ ከመኪናዋ የተፈታውን ፊልትሮ ከፍ አደረገው። «ይህኛው እውነተኛ ነው። ካርቶኑም የሱቅዎ ነው። ከመደርደሪያዎ የገዛሁት ሁሉ ሐሰተኛ ሆኖ ሳለ፣ የመምህሩ መኪና ላይ ብቻ እውነተኛው ተገኘ። ፖሊስ ይመረምረዋል ብለው መርጠው አመጡት። ካርቶኑ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፤ ከመሀሉ ደህናውን መምረጥ የሚችለው የሚቀላቅለው ሰው ብቻ ነው።»

አጎቷ የጎማ ክምር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ጠርቶ አሳየኝ፤ ለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።» ቀና ብሎ ልጅቱን አያት። «የኔ ልጅ…»

«ባሌን ላድን ብዬ የዋሸሁት አንተን ላድንህ ኖሯል?» አለች። «የአባቴ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ለገዳዩ አስመሰከርከኝ። አሳደግኩሽ ስትለኝ የኖርከው ለዚህ ነው?»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከባሏ እጅ ፈትተው አጎቷን አሰሩበትና ይዘውት ወጡ። መምህሩም ኢንስፔክተሩም ተከትለው ሄዱ፤ ጋራዡ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው። «ሊሰቅሉህ እኮ ነበር።»

«እሱ ይገድላል ብዬ አልጠረጠርኩም። እናት ሆኖ ያሳደገሽን ሰው በሌብነት ስሙን አንሥቼ ላሳጣሽ አልፈለግኩም።»

ዓይኑን ማየት አቃታት። ያሰበችውን ብትደብቀውም ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ለአንድ ቀን እንኳ መዋሸት አልፈለገችም።

«እኔ ጠርጥሬህ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት፣ ካቴናው ያሳበጠውን እጁን እየዘረጋላት። «ዛሬ ሲያመጡኝ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ።»