የሚያነክሰው ምት

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነበር። መምህር ካሳ የሐሊማን ሞባይል ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝተው ሲከፍቱት፣ የሙዚቃ ክበቡን ክፍል የሞላው ዘፈን አልነበረም። የስኳር ማንኪያ ከሚዛን ሳህን ጋር ይጋጫል፤ ከላንቴ መንደር የመጣ ሙዝ ከመኪና ሲወርድ አውራጆቹ እየተቀባበሉ ይቆጥራሉ፤ ከሁሉም ሥር የአንድ ሸማ ሠሪ የሽመና ዕቃ ጠቅ ጠቅ ይላል። ልጆቹ ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ የአንዱ ጉልበት፣ የሌላው ጫማ ምቱን ይዞ ይነቃነቅ ጀመር።

ያልተነቃነቀችው ፅዮን ብቻ ነበረች። እጆቿን ኪቦርዷ ላይ አሳርፋ ቀረች።

ኪቦርዱን የገዙላት አባቷ ናቸው፤ በሥራ ከደብረ ማርቆስ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወሩ፣ አዲሱ ከተማ እንዳይከብዳት ብለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጓደኞቿ ኩልፎ ወንዝ ሲወርዱ እሷ ቤት ተቀምጣ ተለማምዳለች። የወላጆችን ቀን በየዓመቱ የምትከፍተውም እሷ ነበረች። ሐሊማ ግን ክበቡ ከገባች ሁለት ወር አልሞላትም። መሣሪያ የላትም። ያላት፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ባለው የአባቷ የባድሩ ሱቅ ስትሸጥ የምትሰማውን ሁሉ እየቀዳች አንዱን በአንዱ ላይ የምትደርብበት ሞባይል ነው።

«ዘንድሮ መክፈቻው የሐሊማ ይሁን» አሉ መምህር ካሳ።

ፅዮን ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ አልታዘዝ አላት።

ሲወጡ ሐሊማ ሮጣ ደረሰችባት። የሸማው ዕቃ ድምፅ ብቻውን ደረቅ እንዳይሆን ከሥሩ ዜማ ቢገባበት ብላ አስባለች፤ እሷ ደግሞ ዜማ አታውቅም። ሸማ ሠሪው ጋሻዬ የሚባል የዶርዜ ሰው መሆኑን፣ ከሱቃቸው ጀርባ ተከራይቶ ይሠራ እንደነበር፣ የዕቃው አንዱ መርገጫ ተሰብሮ በገመድ ስለታሰረ ምቱ እንደሚያነክስ ነገረቻት።

«በዜማ አንቺ ቀሽት ነሽ» አለችና ስልኳን አስያዘቻት። «ቤት ወስደሽ ስሚው፤ ነገ ትመልሺልኛለሽ።»

ፅዮን የከፈተችው ልትንቀው ነበር። ሁለት ፈጣን ምት፣ ቆም፣ አንድ የዘገየ። እንደገና ከፈተችው። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ጠረጴዛውን ሲመታ ያዘችው። በዚያ ሱቅ በር ስንት ጊዜ አልፋለች፤ ሳሙና ስትገዛ፣ ክብሪት ስትገዛ ይህ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር። ሙዚቃነቱን የሰማችው ግን ሌላ ልጅ ናት። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ማማሩ ነው አንገብግቦ የገደላት።

የሸማውን ቅጂ መርጣ ማጥፊያውን ነካች። ስልኩ፣ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ የሚለውን ተጫነች።

በማግስቱ፣ ስልኩን ስትከፍተው የሸማውን ድምፅ እንዳጣችው ለሐሊማ ነገረቻት። ሐሊማ ሁለት ጊዜ ፈለገችው። ሜሞሪው አሮጌ ስለሆነ ነው አለች እንጂ አልጠረጠረቻትም። መምህር ካሳ እንደገና እንድትቀዳ ሲመክሯት ግን አንገቷን ደፋች። ጋሻዬ ባለፈው እሑድ ዕቃውን ፈታቶ ወንድሙ ጋ አዲስ አበባ ሄዷል። የሌሎቹ ሸማ ሠሪዎች ዕቃ ደህና ነው፤ አያነክስም። ያ ምት ሲወጣ የሳህኑም የሙዙም ድምፅ ተበታተነ። መክፈቻው ለፅዮን ተመለሰላት።

የፈለገችው ይኸው ነበር። ሆኖም ልምምድ ላይ ስትቀመጥ ቀኝ እጇ የለመደችውን ዜማ ሲጫወት ግራ እጇ እምቢ አለ። ሁለት ፈጣን፣ ቆም፣ አንድ የዘገየ። ስታርመው ተመልሶ ወደዚያው ምት ይሄዳል። ቀና ስትል ወንበር እየደረደረች የነበረችው ሐሊማ ወንበሩን እንደያዘች ቆማለች።

«ጋሻዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አልረሳሽውም?»

ፅዮን አንድ ሌላ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶላት ነበር። ዋጠችው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ሜሞሪው ምንም አልሆነም።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ሐሊማ አልጮኸችም። ወንበሩን አስቀመጠች፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የዘገየውን ምት ፅዮን እንዳፈጠነችው፣ ጋሻዬ እዚያ ላይ ክሩን ስለሚያይ ከዚያም በላይ እንደሚቆይ ነገረቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ታርቃት ይሁን አይሁን ከድምጿ አይታወቅም ነበር።

ፅዮን ብቻዋን ቀረች። ምቱን እንደተነገራት አዘግይታ መታችው። ልክ ነበር። ኪቦርዱን አጥፍታ ግቢውን አቋርጣ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።

መምህር ካሳ የወላጆችን ቀን ፕሮግራም በእጃቸው እየጻፉ ነበር። ሲያዩዋት መጣሽልኝ አሉና፣ መክፈቻው ላይ ስሟን ከነአባቷ ይጻፉት እንደሆነ ጠየቋት።

«አይጻፉት ቲቸር» አለች ፅዮን። «መጀመሪያ የምነግርዎ ነገር አለ።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። እሷም በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።