ስሙ ሉፐስ ነው

ኑኃሚን ክኒኑን ምላሷ ሥር ይዛ እናቷ ፊቷን እስክታዞር ጠበቀች። ምሬቱ ጉሮሮዋ ድረስ ዘለቀ። እናቷ ወርቅውሃ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላት ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ኑኃሚን በጓሮ በር ወጣችና ክኒኑን እንሰቱ ሥር ተፋችው። በጫማዋ ጫፍ አፈር መለሰችበት። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ሳምንት ሊሆናት ነው።

ክኒኑን የጠላችው ስለሚመር አልነበረም። ፊቷን ስለቀየረባት ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ኑኃሚን ቀጭን፣ ረጅምና ፈጣን ልጅ ነበረች። ቡታጅራ ውስጥ መረብ ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አሁን ግን ጉንጮቿ አብጠው ዓይኖቿን ሊውጧቸው ደርሰዋል። ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች «ሙልሙል» የሚል ስም አውጥተውላት ባለፈች ባገደመች ቁጥር ሙድ ይይዙባታል።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። ከዚያ ትኩሳት መጣ፤ ከዚያ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ በጉንጮቿ ላይ የተዘረጋ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ፀጉሯን ስታበጥር በእፍኝ ይነቀል ጀመር። ታይፎይድ ነው ተብሎ ታከመች፤ አልተሻላትም። በመጨረሻ አባቷ ፊልጶስ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበትን ቤት ዘግቶ አዲስ አበባ ወሰዳት። እዚያ ደሟ ከተመረመረ በኋላ ዶክተሯ በሽታው ሉፐስ እንደሚባል ነገረቻቸው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ሲያጠቃ ነው፤ ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ አንዳንዴም ኩላሊትን። ፊልጶስ ይድናል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ዶክተሯ ጨርሶ እንደማይጠፋ አልደበቀችውም። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች፣ ከፀሐይም ራሷን ከጠበቀች ግን ተምራ፣ ሠርታ፣ እንደማንኛውም ሰው መኖር ትችላለች አለችው።

ኑኃሚን ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አይጠፋም።

ቡታጅራ ሲመለሱ እናቷ ለጎረቤቱም ለቤተ ክርስቲያኑ ሰውም ልጄን ጨጓራዋን ነው ያመማት አለች። ኑኃሚንም ለሚጠይቃት ሁሉ እንደዚያው እንድትል አስጠነቀቀቻት። ደም ውስጥ ያለ በሽታ ነው ከተባለ ሰው የሚጠረጥረው ሌላ ነው፤ ነገ ደግሞ የሚያገባት ይጠፋል። የትምህርት ቤቱን የመረብ ኳስ ቡድን አሠልጣኝ መምህር አዳነንም ለብቻው አግኝታ ልጄ ከእንግዲህ አትጫወትም አለችው። ይህን ሁሉ ስትወስን ኑኃሚንን አንድ ጊዜም አልጠየቀቻትም።

ኑኃሚንም እናቷን ሳትጠይቅ የራሷን ወሰነች። ቅዳሜ ቡድኑ ወልቂጤ ሄዶ ከወልቂጤ ልጆች ጋር ይጋጠማል። እሷም ትጫወታለች።

ለመምህር አዳነ ተሽሎኛል፣ ሐኪሟም ፈቅዳልኛለች አለችው። መምህር አዳነ ከጎንደር መጥቶ ብዙ ዓመት እዚህ የኖረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ፊቷን ትንሽ አየና አጠገቧ ወደቆመችው ጓደኛዋ ወደ ረድኤት ዞሮ እውነቷን ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ረድኤት መሬት መሬት እያየች እውነቷን ነው አለች።

ከግቢው ሲወጡ ረድኤት ከንፈሯን እየነከሰች ነበር።

«እኔ ግን ደስ አላለኝም» አለች። «ብትታመሚስ?»

«አታካብጂ። ክኒኑን ትቼው ይኸው ደህና ነኝ። ፊቴን አላየሽም? እየጎደለ ነው።»

«እናትሽ ብትጠይቀኝስ?»

«ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ አለን በያት።»

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ኑኃሚን ፀሐይ በሚገባበት በኩል ተቀመጠች። መጋረጃውን ሆን ብላ እስከ ዳር ገፋችው። ብርሃኑ ክንዷ ላይ ሲያርፍ ክንዷን አልሰበሰበችም። ልጆቹ እያጨበጨቡ ሲዘፍኑ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ነበረች። መገጣጠሚያዎቿን ውስጥ ውስጡን ይጠዘጥዛት ነበር፤ መቀመጫው ነው ብላ ተወችው።

ጨዋታው የተጀመረው ቀትር ላይ ነው። ሜዳው ዙሪያውን ጥላ የሚባል አልነበረውም። መጀመሪያ የደረሳትን ኳስ ዘላ ስትመታው መዳፏ ተቃጠለ፤ ኳሱ በሁለት የወልቂጤ ልጆች መካከል መሬት ላይ ጮኸ። ጓደኞቿ እየሮጡ መጥተው አቀፏት። ከዚያ በኋላ በሽታውንም፣ ዶክተሯንም፣ «ሙልሙል» የሚሏትንም ረሳች። የመጀመሪያውን ዙር ቡታጅራ አሸነፈ። ኑኃሚን ውኃ እየጠጣች፣ በልቧ፣ ይኸው፣ የታል ሕመሙ አለች።

በሁለተኛው ዙር ለመምታት ስትዘል ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አለ። ኳሱ ፊት ለፊቷ ወደቀ። ቀጥሎ የመጣውንም ሳተችው። ፊቷ እሳት የነካው ያህል ይለበልባት ነበር። መምህር አዳነ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ሲጮህ እጇን አወዛወዘችለት። እንድትቀየር አልጠየቀችም። ሜዳው ላይ ብትወድቅ እንኳ እየተጫወተች መውደቅ ነበር የፈለገችው።

ጨዋታውን ያስቆመችው ረድኤት ናት። ከተቀያሪዎቹ ወንበር ተነስታ መስመሩን አልፋ ገባች።

«መምህር፣ ዋሽተን ነው» አለች እያለቀሰች። «ሐኪም አልፈቀደላትም። መድኃኒቷንም ትታዋለች።»

ኑኃሚን ልትቆጣት አፏን ከፈተች፤ ግን የምትቆምበት ጉልበት አልቀራትም።

ወልቂጤ ሆስፒታል አስገቧት፤ አባቷ ከደረሰ በኋላ አዲስ አበባ ተላከች። ኩላሊቷ መነካት ጀምሮ ነበር። ዶክተሯ አልጮኸችባትም፤ ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ብቻውን ሊገድላት ይችል እንደነበር ግን በግልጽ ነገረቻት። መጠኑ ከቀድሞው በላይ ተጨመረ፤ ጉንጮቿም እንደገና ሞሉ። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ቀን ተኛች። ረድኤት ስትደውል ስልኩን አላነሳችላትም።

ቤቷ ስትመለስ ዘመድ ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። ሰዎቹ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይቀመጡና ያዩዋታል። አንዳንዱ ይጸልይላታል፣ አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። የእናቷ ታላቅ እህት አበባ ከደጋው አገር ከአረቅጥ የመጣችው ግን አሳብ ይዛ ነበር። ትምህርቱ ዘንድሮ ይቅርባት አለች። ራሷ አረቅጥ ትውሰዳትና እዚያ ትረፍ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉሙም ፀሐዩን ይሸፍንላታል፤ ሰውም አያያት። ወርቅውሃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ተስማማች። ፊልጶስ ወለሉን ያይ ነበር።

ኑኃሚን ከተኛችበት ክፍል ሁሉንም ሰማች። ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

«አንቺንማ አየንሽ» አለች አበባ። «ወልቂጤ ድረስ ሄደሽ ልትሞቺብን ነበር እኮ።»

ኑኃሚን በሩን አልለቀቀችም። እውነት ነው። ሁሉም የሚያዩት ፊቷን ነበር፤ ያበጠውን፣ የቀላውን። የምትደበቅበት አልነበራትምና አልተደበቀችም።

«ልክ ነሽ፣ አክስቴ። ክኒኑን ስተፋ የነበረው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ እውጠዋለሁ። ፊቴ የፈለገውን ያህል ይበጥ። ትምህርቴን ግን አላቋርጥም፤ አረቅጥም አልደበቅም። ጨጓራ ነው ብዬም አልዋሽም።»

«ሰው ምን ይላል?» አለች ወርቅውሃ።

«የፈለገውን ይበል፣ እማዬ። በሽታው የኔ ነው፤ ስሙን የምናገረውም እኔ ነኝ።»

አበባ ወደ ፊልጶስ ዞራ አንተ አባት አይደለህም እንዴ፣ አንድ ነገር በል እንጂ አለችው። ፊልጶስ ከወለሉ ላይ ዓይኑን አነሳ።

«ሰምተናታል» አለ።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትበርድ ኑኃሚን አባቷ የሚሠራበት ቤት ሄደች። ፊልጶስ የብየዳ ጭምብሉን አድርጎ በር እየበየደ ነበር። ሲያያት ማሽኑን አጥፍቶ ጭምብሉን ወደ ላይ ገለበጠው። ፊቱ በላብ ርሷል። ወልቂጤ ተኝታ ሲያገኛት ምን ያህል እንደፈራ ነገራት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ሰምታው አታውቅም ነበር። ቀጥሎ ከታመመች ጀምሮ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቃት።

«ትምህርት ቤት ለመሄድ ምን ያስፈልግሻል?»

አሰበች። «እጀ ረጅም ሸሚዝ። ባርኔጣም። ትልቅ ባርኔጣ።»

ገበያ ሲሄዱ ወርቅውሃም ሳትጠራ ተከተለቻቸው። ቡናማ፣ ትንሽ፣ ዓይን የማይገባ ባርኔጣ አንስታ ይህ ይሻላል አለች። ኑኃሚን ግን ከተደረደሩት ሁሉ በጠርዙ ሰፊ የሆነውን የሰሌን ባርኔጣ መረጠች። አድርጋው ስታይ ትከሻዋን ሳይቀር ሸፈነላት። ባለ ሱቁ ለወንድ ገበሬ የተሠራ ነው ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀችና ይሁን አለችው። ሰኞ ጠዋት ስትነሳ እናቷ ነፋስ እንዳይወስደው ማሰሪያ እየሰፋችለት አገኘቻት። ኑኃሚን ክኒኗን እናቷ ፊት ዋጠች፤ አፏንም ከፍታ አሳየቻት። ወርቅውሃ ሳትወድ ፈገግ አለች።

በሰልፉ ላይ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አንዱ ሲንሾካሾክ ሌላው ተቀብሎ ሳቀ። የተማሪውን ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር በሰልፉ መካከል እየሰነጠቀ መጣ።

«አንቺ፣ ባንዲራ ሊሰቀል ነው። ባርኔጣሽን አውልቂ።»

«አላወልቅም፣ ቲቸር» አለች። «በሽታ አለብኝ። ፀሐይ ይጎዳኛል።»

«ምን በሽታ?»

«ሉፐስ ነው ስሙ።» እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አይተላለፍም። አይጠፋም። ፊቴን የሚያሳብጠው ደግሞ መድኃኒቱ ነው።»

ከኋላ ይሳቅ የነበረው ሳቅ ቆመ። አንዲት ልጅ ያማል ወይ ብላ በቀስታ ጠየቀች። ኑኃሚን ዞራ አንዳንዴ በጣም ያማል አለቻት። ዩኒት ሊደሩ አንገቱን አከከ። ከዚያ ለስለስ ብሎ ባርኔጣውን እንዳታወልቅ፣ ብትፈልግ ደግሞ በረንዳው ላይ ወንበር አምጥተውላት ከሰልፉ ውጭ እንድትቀመጥ ነገራት።

ኑኃሚን በረንዳውን አየችው። ጥላና ቀዝቃዛ ነበር። ጉልበቷ ከጠዋት ጀምሮ እየጠዘጠዛት ነው። በረንዳው ላይ ግን ማንም የለም።

ረድኤት ከሰልፉ ኋላ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ከወልቂጤ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«አሁንም ተናደሽብኛል?» አለች በሹክሹክታ።

«ትንሽ» አለች ኑኃሚን። «ባትናገሪ ኖሮ ግን እዚህ አልቆምም ነበር።»

ወደ ዩኒት ሊደሩ ዞረች። አመስግናው፣ ካቃታት ራሷ ሄዳ እንደምትቀመጥ፣ እስከዚያው ግን ከክፍሏ ልጆች ጋር እንደምትቆም ነገረችው። እሱም በእሺታ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። መዝሙሩ ተጀመረ። ኑኃሚን ማሰሪያውን አገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ ከሌሎቹ ጋር መዘመር ጀመረች።