«ይማርህ» የተባለው ጀርም

ዋጋሪ በገዛ ደጃፉ ሞቶ ተገኘ። ሦስት ቀን ደም ሲያስቀምጠው ነበር። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ቀይና ቢጫ እንክብል ወጣች።

ሃምሳ አለቃ ተካ ሬሳውን አየና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ደክሞታል። ዋጋሪ ጎረቤቱ ነው፤ ውኃ የሚቀዱትም ከአንድ ምንጭ ነው። የተካ ልጅ አሰፋችም በዚያው በሽታ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የዋጠችው መድኃኒት አላዳናትም። ወንጀለኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። በነቀምቴ ገበያ መድኃኒት የምትቸረችረውን ብርቄን አሰረ።

«ዱቄት ሞልተሽ ነው የሸጥሽለት!»

«ዋቃዮ፣ አምላኬ! ዱቄት ቢኖረኝ ገንፎ አላገነፋም፣ ኦቦ ተካ?»

«እንክብሏስ?»

«የኔዎቹ ነጭ ናቸው። ይህችን ያየሁት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።»

«በማን?»

«አሁን ብናገር እስሬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።»

ተካ እንክብሏን ከነወረቀቷ ለሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ለነገራ ሰጠ። በሦስተኛው ቀን ነገራ አንድ የመስተዋት ሳህን አሳየው። ከአሰፋች ሰገራ የተወሰደው ጀርም በመድኃኒቱ የተነከረውን ክብ ወረቀት እንደ ክረምት ሣር ከቦታል።

«ዱቄት ነው፣ አይደል?»

«ንጹሕ መድኃኒት ነው። የሌላ ሕመምተኛ ጀርም ላይ ሞከርኩት፣ ፈጀው። ይኼኛው ግን ለምዶታል።»

«ማን አለመደው?»

«ያቀመሰው። ሃያ መዋጥ ሲገባ አንድ ሁለት የሰጠ ሰው። ደካማው ጀርም ይሞታል፣ ብርቱው ተርፎ ይራባል። አሰፋች ከመተኛቷ በፊት ምን ወስዳ ነበር?»

ተካ ሁሉንም ነገረው። አምና እሱም ታሞ ይህችው እንክብል ሃያ ታዞለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ተሻለው። የተረፈ መጣል ነውር ነው፤ የተረፈ የጎረቤት ነው። ሆዱን ላመመው ሁሉ አንድ አንድ፣ «እግዜር ይማርህ» እያለ አደለ። ለልጁም ሰጣት።

ነገራ መጠቅለያውን ዘረጋው። የክስ ቅጽ ቅዳጅ ነበር። ከላዩ የተካ ፖሊስ ጣቢያ ማኅተም አለ።

«ይማርህ አልክ፤ ዋጋሪ አልተማረም» አለ ነገራ፣ ሳይስቅ። «ጀርሙ ተማረ።»

«ልጄስ?»

ነገራ በሳህኑ ላይ ሌላ ክብ ወረቀት አሳየው፤ ዙሪያው ራሰ በራ ነበር። «ይኼኛውን ገና አልተማረም። ዐሥር ቀን መርፌ። አንድም ቀን አይጓደልም።»

ተካ ብርቄን ፈታ።

«አሁን ልናገር?»

«ተይው፣ አዴ ብርቄ። አውቄዋለሁ።»

በክስ ቅጹ ላይ በተከሳሽ ቦታ የራሱን ስም ጻፈ። አለቃው አነበበና ቀደደው፤ «በደግነት መክሰስ ከጀመርን እስር ቤቱ አይበቃም» ብሎ።

በዐሥረኛው ቀን አሰፋች የመጨረሻውን መርፌ ተወግታ አጥሚት ጠጣች። ማታውን ጎረቤቷ የሺወርቅ ሆዷን ይዛ መጣች።

«ጋሼ ተካ፣ ከዚያች ከቀይና ቢጫዋ ተርፋ እንደሁ?»

እጁ በልማድ ኪሱ ገባ። ባዶውን ወጣ።

«ተነሺ፣ ሆስፒታል ላድርስሽ።»

«ይማርሽ እንኳ አትሉኝም?»

«አልልም።»