የዳር ሰው

ሳሎናችን ውስጥ፣ ትልቁ ግድግዳ ላይ፣ ማናችንም የማንወደው ሰው ተሰቅሎ ይስቃል። ፎቶው አያቴ ሰማንያ ዓመት የሞላት ዕለት የተነሳነው ነው። መሀል ላይ አያቴ ተቀምጣለች። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ ጥርሱን ገልጦ ከጎኗ የቆመው የታላቅ እህቴ የያኔው እጮኛ ነው። ብዙም ሳይቆይ እህቴን ትቶ ሌላ አገባ። አያቴም በዚያው ዓመት ዐረፈች። ሰውየውን ከፎቶው ቆርጠን እናውጣው ብንል የአያቴ ግማሽ ትከሻ አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ እዚያው ቀረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄኛው ደግሞ የትኛው ልጃችሁ ነው?» ይላል። እናቴም «የጎረቤት ልጅ ነው» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ፎቶውን ያነሳው አባቴ ነው። የራሱ ስቱዲዮ አለው፤ ግን በሙሉ ልቡ የሚሠራው ለደንበኞቹ ሳይሆን ለእኛ ነው። ልጅ ዳዴ ሲል፣ ጥርስ ሲወልቅ፣ ሶፋ ሲቀየር፣ ወዳጆቹ ተሰብስበው ሲጫወቱ አባቴ ካሜራውን ይዞ ከች ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ረዳቱ ነኝ። ሰው የምደረድረው እኔ ነኝ። ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ የተኳረፉትን አራርቄ፣ አክስቴን ወንበር አጠገብ።

ከዚያ እጮኛ በኋላ አባቴ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሆነና አንድ ሕግ አወጣ። ያላገባ ሰው ዳር ይቁም። ነገሩ ከተበላሸ በመቀስ ይሸኛል፤ የቀረነው እንዳለን እንቀጥላለን።

የእኔን ሰው ያገኘሁት ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዬን በነበርኩበት አንድ ጠዋት ነው። ለሥራ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። ወፍራም መነፅር አድርጓል፤ ፍላሹ መስታወቱ ላይ እያንፀባረቀ አስቸገረኝ።

«መነፅርዎን ያውልቁልኝ» አልኩት።

«አንቱ ካልሽኝማ አርጅቼ መውጣቴ ነው።»

«እሺ፣ አውልቅ።»

አወለቀና በዓይኑ ይፈልገኝ ጀመር።

«ወደ እኔ ተመልከት።»

«ወዴት ነሽ?»

«እዚሁ፣ ፊት ለፊትህ።»

«እኔ የሚታየኝ አንድ ቢጫ ነገር ነው።»

ቢጫ ሹራብ ለብሼ ነበር። «እንግዲያው ቢጫውን እየው» አልኩት።

አየው። በቀን ስንት ሰው የሚያፈጥብኝ ልጅ፣ አጥርቶ በማያየኝ ሰው ፊት ፊቴ ጋለ። ደግነቱ አላየኝም። ሂሳቡን ሊከፍል መነፅሩን ሲያደርግ ግን ብሩን እንደያዘ ቀረ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ቢጫው ሰው መሆኑን አሁን ማየቴ ነው።»

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። «ፎቶው ላይ ጆሮዬ ተለቅ ብሏል» አለ፣ ኮስተር ለማለት እየሞከረ።

«ተለቅ ያለው ራሱ ጆሮህ ነው።»

«ከባድ ነገር ነው የተናገርሽው። ሻይ እየጠጣን ብንወያይበት ምን ይመስልሻል?»

ተወያየንበት። የሚሠራው ከስቱዲዮአችን ብዙም በማይርቅ የመነፅር መሸጫ ውስጥ ነው። ዓይን ይለካል፣ መስታወት ይቀርፃል። ሲያዳምጠኝ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል ያደርጋል። የምናገረው ሲያልቅብኝም ያው እንደተዘነበለ ይቆያል።

የእህቴ ሁለተኛ ልጅ አንደኛ ዓመት ልደት ላይ ቤት ይዤው ሄድኩ። እህቴ ከዚያኛው በኋላ ደግ ባል አግኝታለች። አባቴ ዓይን ዓይኑን አየው፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ኬክ ቆረሰችለት፣ ልጆቹ «መነፅሩ» የሚል ስም አወጡለት። ፎቶ ልንነሳ ስንል ክንዱን ይዤ ወሰድኩትና ግራ ዳር፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ አቆምኩት። ደስ ብሎት ቆመ።

የወንድሜ ምረቃ ላይም ዳር አቆምኩት። ያን ቀን አባቴ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል የእናቴን የአበባ ማሰሮ ሰበረና ቀኑን ሙሉ ስንስቅበት ዋልን። አዲስ ቤት ስንገባም፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ የሆነው ልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ ሲያይም እንደዚሁ ነው። መነፅሩ ከበር፣ ከመጋረጃ፣ ከአጥር ጋር ሆኖ በየአልበሙ ዳር ዳሩን ዞረ።

ጉዱን ያፈላችው አክስቴ ነች። አክስቴ ሆዷ ነገር አይቋጥርም። በልብስ ሰፊው ግብዣ ላይ ትከሻውን ቸብ አድርጋ «አይዞህ ልጄ፣ የዳሩ ጊዜ ያልፋል። ላያገቡ ይችላሉ የሚባሉትን እንዲህ ነው የምናቆማቸው፤ ለመቁረጥ እንዲመች» አለችው።

ከግብዣው ስንመለስ እየሳቀ ነገረኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ሳቁን ተወ።

«እውነት ነው እንዴ?»

«የአባዬ ሕግ ነው» አልኩ። «እኔ ምን ላድርግ?»

«አባትሽማ ካሜራው ጋ ነው የሚቆሙት። ክንዴን ይዞ ወደ ዳር የሚወስደኝ እጅ የማን ነው?»

የያዝኩትን ክንዱን ለቀቅኩት።

«ክንዴን በያዝሽኝ ቁጥር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ወደ አንቺ የምትወስጂኝ ይመስለኝ ነበር።»

አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈርንም፤ መጥቶ ሄደ።

«የወላጆችሽ የጋብቻ በዓል ላይ አልመጣም» አለ። «በመቀስ ከምትሸኙኝ በእግሬ ልሂድ። ተቆጥቼ አይደለም። የት እንደምቆም ያወቅሽ ቀን ንገሪኝ።»

በኋላ የመጣው አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ቤት ገብቼ እልሄን ታቅፌ ተኛሁ። ሕጉን ያወጣው አባዬ፣ ነገር ያመላለሰችው አክስቴ፣ የተኮረፍኩት እኔ አልኩ። ውስጤ ግን ያውቀዋል። እህቴ ያኔ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ከጎኗ የምተኛው እኔ ነበርኩ። ሕጉ የአባቴ ቢሆንም ፍርሃቱ የእኔ ነው። ልደውልለት ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እንዲያ እያልኩ በዓሉ ደረሰ።

ግቢው ሞላ። ልብስ ሰፊው፣ ጎረቤቶቻችን፣ የእናቴ የሥራ ባልደረቦች፣ የወንድሜ ጓደኞች ሁሉ መጡ። ደረደርኳቸው። አባቴ ዓይኑን ካሜራው ላይ ካደረገ በኋላ መልሶ አነሳው።

«መነፅሩስ?»

«አልመጣም።»

«አሞት ነው?»

«አላመመውም።» ሁሉም ያየኛል። «አባዬ፣ በአንተ ሕግ ምክንያት ነው የቀረው።»

«በየትኛው ሕግ?»

«ያላገባ ዳር ይቁም ባልከው።»

አባቴ ካሜራውን ከአንገቱ አወለቀ። «እሱን እኮ እህትሽ ያገባች ዕለት ትቼዋለሁ። አንቺ ልጁን ዳር ዳር ስታቆሚው፣ ይህቺ ልጅ ልቧ ገና አልቆረጠም ብዬ ዝም አልኩ። ዳር መቆሙ ከፎቶው እንዳያስቀረው ብዬ ወደ ኋላ እየራቅኩ ሰፋ አድርጌ ነው የማነሳችሁ። ያንን ማሰሮ በጤናዬ የሰበርኩት መሰለሽ?»

«ዝም ስትባባሉ ልጁ መሀል ላይ ሆኖ ተጎዳ በሉኛ» አለች አክስቴ።

«ዳር ላይ ሆኖ» አለ የእህቴ ባል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰው ሳይሟላ አላነሳም» አለ። እናቴ የቀሚሴን ትከሻ አስተካከለችልኝና «ሂጂ እንጂ ልጄ» አለችኝ።

ባለ ተረከዝ ጫማዬን እንዳደረግሁ እግሬን እየላጠኝ ሄድኩ። መነፅር ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እሱ አዲስ መነፅር እያስሞከራቸው ነው። ስገባ አየኝ። ሥራውን ግን አላቋረጠም።

«አሁን የሚታይዎት ምንድን ነው፣ አባት?»

ሽማግሌው ከግድግዳው ፊደል ላይ ዓይናቸውን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። «የሚታየኝ በሩ ላይ ቆማ ልታለቅስ የደረሰች ልጅ ነች።»

«እንግዲያው መነፅሩ ልክ ሆኗል» አለ፣ እያየኝ።

«የት እንደምትቆም አውቄያለሁ» አልኩት።

«የት?»

«ከእማዬና ከእኔ መሀል።»

«ከመሀል ሰው አይቆረጥም» አለ። «ነገ ብትቆጪስ?»

«አባዬ ሕጉን ከተወው ቆይቷል። የፈራሁት እኔ ነኝ። እህቴ እንዳለቀሰችው እንዳላለቅስ ስል አንተን አስከፋሁህ። እወድሃለሁ። ከእንግዲህ አንተን መቁረጥ የፈለገ ሰው እኔንም አብሮ ይቁረጠኝ።»

ሽማግሌው መነፅሩን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔ ነገ እመለሳለሁ» አሉት። «አንተ ግን ዛሬ ሂድ።»

መንገድ ላይ እጄን ያዘኝ። አንዴ ብቻ ቆም አለና «ቀሚስሽ ቢጫ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለኝ።

ስንደርስ ኬኩ ተቆርሷል፣ የልጆቹ አፍንጫ ክሬም ነክቶታል፣ ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል። ሁሉንም አስነስቼ እንደገና ደረደርኩ። የእሱን ክንድ ይዤ ወደ መሀል ወሰድኩት። እናቴ ሳልነግራት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልን፤ ከእሷና ከእኔ መሀል አቆምኩት። የእህቴ ባል ከመሀል ወጥቶ ወደ ግራ ዳር ተራመደ።

«ዳሩ ባዶ አይቅር» አለ። «እኔን ሁለት ልጅ ካስታቀፋችሁኝ በኋላ ማንም አይቆርጠኝም።»

አባቴ አንገቱን ደፋ አድርጎ አነጣጠረ፣ አነሳ። ከዚያ ምስሉን ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ሰው ወደ ካሜራው አላየም።»

«የትኛው ልጅ ነው?» አለች አክስቴ።

«የገዛ ረዳቴ ነች።»

ደገመው። ወደ ካሜራው አያለሁ እያልኩ ዓይኔ መልሶ ወደ ጎኔ ሄደ። ሰው ሳቀብኝ። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ።

«አባዬ፣ አሁን በእርግጠኝነት አያለሁ። አንዴ ብቻ ድገመው» አልኩ።

አባቴ የሌንሱን ክዳን ከኪሱ አውጥቶ ከደነው።

«አልደግምም» አለ። «ይሄው ነው ፎቶው።»