የበሩ ካሜራ አድራሻ

ማይሳ አፑን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። የቤቱን ኔትወርክ ከዳር እስከ ዳር አስሶ ያመጣላት ያንኑ ነው፤ የሷ ስልክ፣ ላፕቶፑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ራውተሩ ራሱ። የበሩ ካሜራ የለም። በመስኮት አጮልቃ ስታይ ግን ካሜራው እንደ ወትሮው ከብረት በሩ በላይ ተሰቅሏል፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራቱም በርታለች።

«እዚያው ተሰቅለህ የለሁም ትለኛለህ?» አለችው በንዴት።

እናቷ ረውዳ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ማይሳን ኩሽና ውስጥ ክንዷን ይዛ አስቁማት ነበር።

«ካሜራውን ዛሬ አግኚልኝ፣ የኔ ቆንጆ። ድሮ ስልኬ ላይ ይታይ ነበር፤ አሁን "መሣሪያው አልተገኘም" ይለኛል።»

«ባባን ልጠይቀዋ! እሱ አይደል የሰቀለው?»

«ተይ! ማለቴ… ለምን እንደፈለግነው እንዳትነግሪው። ከጠየቀሽ ሌባ ፈርታ ነው በይው።»

ማይሳ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ማክሰኞ ዕለት አባቷ ሞንጂ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ከሰዓቱም ሊያልቅ ሆነ። በመጨረሻ በታክሲ ይዞት የመጣው የቴሌፎን ጣቢያው ጥበቃ ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በቴክኒሻንነት የሠራው እዚያ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ግን ዓመታት ሆነውታል። ዳቦውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ቁልፌ ለምን አይከፍትም እያለ ከጣቢያው በር ጋር ሲታገል ነው ጥበቃው ያገኘው። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ «ጓደኞቹን ሊጠይቅ መጥቶ ነው» አለ። እናቷ ሳቅ ብላ አመሰገነችው። ከዚያ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች፣ ቧንቧውንም ከፈተች። ማይሳ ግን ከውሃው ድምፅ በላይ ስታለቅስ ሰምታታለች።

ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጥቶታል። እነሱ ቤት ያንን ስም የሚጠራ የለም።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የተጨማደደው?»

አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ማይሳ ደነገጠች።

«የበሩ ካሜራ፣ ባባ። አይፒ አድራሻው ሊገኝ አልቻለም።»

«ማን ፈለገው?»

«ማማ ናት። ሌባ… ሌባ ፈርታ።»

«ሌባ!» ብሎ ሳቀ። «እኛ ሰፈር? ከሃጂ ቡባከር ነጠላ ጫማ ሌላ ምን ተሰርቆ ያውቃል? እሱንም ውሻው ነው የበላው። ጠጋ በይ እስቲ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። «አድራሻውን እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «መቶ… ቆይ። ቆይ፣ አትንገሪኝ።» ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ጣቶቹ ጉልበቱን ይመቱ ጀመር፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል። «አውቀዋለሁ እኮ! ምላሴ ጫፍ ላይ ነው!»

«ተወው ባባ፣ ችግር የለም…»

«ችግር የለም አትበይኝ!» አለ ጮክ ብሎ። ወዲያው የራሱ ጩኸት እንዳሳፈረው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። «ራውተሩን ቀይረውታል እንዴ?»

«አምና። ኩባንያው አዲስ አመጣልን።»

«እንደዚያ አትይም!» ላፕቶፑን ወደ ራሱ ጎተተው። «የካሜራውን አድራሻ በእጄ ነው የቆለፍኩት። አዲሱ ራውተር የኔትወርኩን ቁጥር፣ እንደ ሰፈር ቁጥር በይው፣ በሙሉ ቀይሮታል፤ ለካሜራው ግን ማን ይንገረው? ያ ምስኪን በድሮው ሰፈር ቁጥር ቆሞ እየጠበቀ ነው። አንቺ ደግሞ በአዲሱ ሰፈር እየዞርሽ በር ታንኳኪያለሽ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ላፕቶፑን ወደ ድሮው ሰፈር እንውሰደዋ!»

እጆቹ ሥራቸውን ጀመሩ። ማይሳ እነዚህን እጆች ታውቃቸዋለች፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ጭኑ ላይ አስቀምጧት ሽቦ ሲገጣጥም እንዲህ ነበሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይሳሳቱ። የላፕቶፑን ቁጥር በድሮው ቀየረና እንደገና ፈለገ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፤ 192.168.1.64።

«ስልሳ አራት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «አላልኩሽም?»

አላላትም።

«ብለኸኛል፣ ባባ» አለች።

የይለፍ ቃሉንም ጣቶቹ አልረሱትም። ምስሉ ተከፈተ፤ ደረጃው፣ የብረት በሩ፣ መንገዱ፣ የቡባከር መኪና ላይ የተጋደመች ድመት። አባቷ ለካሜራው አዲስ አድራሻ ሰጠው፤ ከዚያ ግን አልተነሳም።

«እናትሽ ሥራ ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ልታፈጥ አትችልም። እዚህ ጋ መስመር አሰምርላታለሁ፤ ሰው ሲያልፈው ስልኳ ይጮሃል።» ምስሉ ላይ በሩ ደፍ ጋ ቀይ መስመር አሰመረ። መስመሩ ላይ ትንሽ ቀስት ወጣች። «ሌባ ነው ብለሻል። ስለዚህ ቀስቱ ወደ ውስጥ።»

ማይሳ ቀስቱን አየችው። እንዲህ ከቀረ እሱ ሲወጣ የእናቷ ስልክ ትንፍሽ አይልም። እርግጥ በኋላ፣ እሱ ጋደም ሲል፣ ራሷ ልትቀይረው ትችላለች። አንዴ መጫን ነው። አያውቅባትም። ቢያይ እንኳ ወዴት አዙሮት እንደነበር አያስታውስም።

ይህን በማሰቧ አፈረች።

«ባባ… ወደ ውጭ ነው።»

«ወደ ውጭ የሚሄድ ሌባ ደግሞ…» ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ዞሮ ዓይን ዓይኗን አያት። አንድ ሞተር ሳይክል መንገዱን እያናወጠ አልፎ ሄደ።

«ያ ጥበቃ» አለ ቀስ ብሎ። «በታክሲ ያመጣኝ።»

«አዎ።»

«ጓደኞቹን ሊጠይቅ መጥቶ ነው ብሏችሁ ነበር።»

«አዎ።»

«ጓደኛ ልጠይቅ አልነበረም የሄድኩት።»

«አልነበረም፣ ባባ።»

መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ጠርጎ ጨርሶም ይጠርገዋል። ማይሳ እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች፤ አልገፋትም፣ አላያትምም። በመጨረሻ መነጽሩን አደረገና ቀስቱን ወደ ውጭ አዞራት።

«እንዲህ ነው የሚደረገው» አለ፣ ድሮ ሲያስተምራት በነበረው ድምፅ። «ከዚያ ማስቀመጥ። ካላስቀመጥሽው ይጠፋል።» ብድግ ብሎ ጃኬቱን አነሳ። «የተሠራ ነገር ሳይሞከር አይተውም። አንቺ ከዚህ ሆነሽ እዪ።»

ስክሪኑ ላይ ከላይ ሲታይ ትንሽ ሰው ነው። መሀል አናቱ የሳሳ፣ ጃኬቱ ትከሻው ላይ የሰፋው። መስመሩን ሲያልፍ ቀይ ብልጭ አለ። ቀና ብሎ ካሜራውን አየና ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁንም አነሳ። ማይሳም እጇን አነሳች፣ እንደማያያት እያወቀች።

አሁን መመለስ ነበረበት።

አልተመለሰም። ቀኝ አየ፣ ግራ አየ። ከዚያ በግራ በኩል፣ ወደ ትልቁ ድልድይ በሚወስደው መንገድ፣ ሳይቸኩል መራመድ ጀመረ። ከፍቶት ይሁን፣ ንፋስ ሊቀበል ይሁን፣ ወይስ ለምን እንደወጣ ጠፍቶት፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይለይም።

ስልኳ ጠራ።

«ማይሳ! አባትሽ ወጣ! አሁን አየሁት! ወዴት እየሄደ ነው?»

ማይሳ አንድ ጫማ አድርጋ ሌላውን ከወንበሩ ሥር እየፈለገች ነበር።

«አይዞሽ ማማ። አብሬው ልሄድ ነው።»

ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትታው በደረጃው ወረደች፤ የብረት በሩን ከፍታ ወጣች። ስልኩ ገና ጆሮዋ ላይ ነው፤ በዚያኛው ጫፍ የማስጠንቀቂያው ድምፅ እንደገና ሲጮህ ሰማችው።

«አሁን ደግሞ ማን ነው የወጣው?» አለች እናቷ።

«እኔ ነኝ» አለች ማይሳ፣ ወደ ግራ ታጥፋ እየሮጠች።