አትክልተኛችን

«ያ ሰውዬ ማነው?» አለች ቀጮ፣ የግቢውን በር ገፍተው እንደገቡ።

ልጅቷ ክው አለች። ገበያ እወጣለሁ ያለው አባቷ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ቆስጣው መሀል ጎንበስ ብሏል። ቤቱ ባዶ መስሏት ነበር ጓደኛዋን ቀጮን ለሒሳብ ፈተና አብረው እንዲያጠኑ ያመጣቻት።

«አትክልተኛችን ነው» አለች። ቃሉ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

ቀጮ በወሬ የምታውቀው ሌላ አባት ነው፤ ከረባት አስሮ ፋብሪካ የሚያዝ ኃላፊ። ፋብሪካው መዘጋቱን ልጅቷ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አባቷ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ፣ የግቢውን ሣር ነቅሎ ካሮት፣ ቆስጣና ቲማቲም ተከለ። ጎረቤት «ኃላፊው ገበሬ ሆኑ» ብሎ ሳቀ። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደም አንሷት ደረጃ መውጣት ያቅታት የነበረችው ትንሿ እህቷ፣ ከመድኃኒቱ ጋር የጓሮውን ቅጠል ስትበላ ከርማ ዛሬ ግቢውን በሩጫ ታምሰዋለች። ለአትክልት ይወጣ የነበረው ገንዘብም ለጫማና ለደብተር ተርፏል። ልጅቷ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ክፍል ውስጥ ግን ቆስጣው እንዳይታይባት ምሳዋን በክዳኑ ከልላ ነው የምትበላው።

አባቷ «አትክልተኛችን» ያለችውን ሰምቷል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ፤ ካሮት ነቅሎ አጠበና ለእንግዳዋ ሰጣት።

ቀጮ ገመጥ አደረገችው። «ኧረ ይሄ ነገር አሪፍ ነው። ለእኛም ቤት ይሸጡልናል?»

«እኔ ምን አገባኝ ልጄ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ባለቤቶቹን ጠይቂ።»

የልጅቷ ፊት ጋለ። ቢሰድባት በስንት ጣዕሙ። ቀጮ መልስ ፈልጋ ወደ እሷ ዞረች፤ አባቷ ደግሞ ተመልሶ አጎነበሰ፣ እንደ ቅጥር ሠራተኛ።

ልጅቷ ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ የአትክልቱ መደብ ውስጥ ገባች። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር።

«አባዬ» አለች፣ ቀጮ እንድትሰማ ጎላ አድርጋ። «የቱን ልንቀልላት?»

አባቷ ፈቀቅ አለና፣ ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት።