ስምንት ሰዓት፣ በማን ሰዓት?

ወደ አላስካ በመርከብ የምትመጡ ከሆነ ጃንጥላ አትያዙ። ይህን በየዓመቱ ለሺህ ሰው እናገራለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የለም። የከተማችን የኬቺካን ዝናብ ከላይ ብቻ አይወርድም፤ ከጎንም ይመጣል፣ ከታችም ይረጫል። የአገሬው ሰው ኮፍያ ያለውን ካፖርቱን ደርቦ፣ ቡናማ የጎማ ቦቱን አጥልቆ ዝም ብሎ ይሄዳል። በከተማችን ጃንጥላ ዘርግቶ የታየ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ካልሆነ ደግሞ አንድ ነገር ነክቶታል።

ስሜ ሮዌና ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ወደቡ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ኪዮስክ ውስጥ ቆሜ፣ ከመዝናኛ መርከብ ለሚወርዱ እንግዶች ምክር እሰጣለሁ። «እዚህ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነን?» ብለው ይጠይቁኛል፣ ባሕሩ እግራቸው ሥር እየተንቦጫረቀ። «ዶላር ትቀበላላችሁ?» የሚሉኝም አሉ። ሳልስቅ እመልስላቸዋለሁ።

መርከብ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ከታች፣ መሐል አካባቢ ያለ ክፍል ያዙ፤ እዚያ ብዙ አይወዛወዝም እላቸዋለሁ። የበረዶ ግግሩ የሚታይበት ቀን በማለዳ ተነሱና ፊት ለፊት ያለው ሰገነት ላይ ቦታ ያዙ፤ ቁርሱ የትም አይሄድም። የጥጥ ልብስ ከረጠበ አይደርቅም፤ ሱፍ ደራርቡ። የርቀት መነጽር ለሁለት ሰው አንድ አይበቃም፤ ዓሣ ነባሪ ብቅ ባለ ቁጥር ባልና ሚስት የሚኳረፉት በእሱ ነው። በወረቀቴ ግርጌ ደግሞ በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ የእጅ ሰዓታችሁ በመርከቡ ሰዓት ይሁን በእኛ ሰዓት ሳትጠይቁ እንዳትወርዱ። የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ መርከብ ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

ይህን ሁሉ የምመክረው እኔ እንዲህ ያለ መርከብ ላይ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። የደሴታችን መንገድ ከከተማው ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ጫካ ውስጥ ያልቃል። በየቀኑ ሦስትና አራት መርከብ መጥቶ ሲሄድ እያየሁ እግሬ አላርፍ ይለኛል። ማታ ቤት ገብቼ እንኳ ቁጭ ማለት ያቅተኛል፤ ወንበር አዟዙሬ፣ መስኮት ከፍቼ፣ መልሼ እዘጋለሁ።

በሰኔ አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ቀይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ኪዮስኬ ፊት ቆመ።

«ይቅርታ እህት፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ዶላር እንቀበላለን። ከፍታችን ዜሮ ነው» አልኩት ቀና ሳልል።

«የበረዶ ግግሩ ምን ይመስላል?»

ቀና አልኩ። ጠይም፣ ቀጠን ያለ፣ ጣቶቹ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደዋለ ሰው የተጨማደዱ ወጣት ነው። «መርከባችሁ ከትናንት በስቲያ አጠገቡ ቆሞ አልዋለም እንዴ?»

«ውሏል። እኔ ግን ከውሃው በታች ነኝ። ልብስ ማጠቢያው፣ ላውንደሪ ነው የምሠራው፤ መስኮት የለንም። ስድስት ጊዜ አጠገቡ ደርሼ አንዴም አላየሁትም። እናቴ በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ መዋሸት ሰለቸኝ።»

እኔም ለእንግዶች የምለውን ጀመርኩለት። ሰማያዊ ነው፣ ከላዩ ቆርሶ ሲጥል እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል፣ ብርዱ ፊት ላይ ይታወቃል። እስክጨርስ ሰማኝና፣ «አንቺ ስታዪው ምን ተሰማሽ?» አለኝ።

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። «ያየሁት በፎቶ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ሳቄን አመጣው። ሁለታችንም እንጀራ የምንበላው በዚያ በረዶ ነው፤ ሁለታችንም አላየነውም።

ስሙ አርኔል ነበር፤ ከፊሊፒንስ፣ ከኢሎኢሎ። እኔ ደግሞ በእናቴ የዚሁ አገር ሰው፣ ትሊንጊት ነኝ፤ በአባቴ ግን የእሱ ወገን ነኝ። ይህን ስነግረው ደስ አለው። ቀሪውን አልነገርኩትም።

ከኪዮስኬ ጎን ጠረጴዛ ዘርግታ በጭስ የደረቀ ሳልሞን የምትሸጠው አክስቴ ጄኒቫ ናት። በእኛ ወግ የእናት እህት ያው እናት ናት፤ መቆጣትም መጠየቅም መብቷ ነው። በሦስተኛው ማክሰኞ አርኔልን ከላይ እስከ ታች ካየችው በኋላ፣ «ቁራ ነህ ንስር?» ብላ አፋጠጠችው።

እኛ የቁራ ወገን ነን፤ የምንጋባው ከንስር ወገን ነው። እሱ ይህን ከየት ያውቃል!

«ላውንደሪ ነኝ፣ አክስቴ» አላት በትሕትና።

አክስቴ ሳቋን ለመደበቅ ዓሣዋን ማስተካከል ጀመረች። «ለማንኛውም ያንን ጃንጥላ ዝቅ አድርገው። ሰው ያየናል።»

በየማክሰኞው ከሥራው የሚሰጡት እረፍት ሦስት ሰዓት ነበር። ወደቡ ዳር ያሉትን ሱቆች ትተን ሽቅብ እንወጣለን፤ ለእንግዶችም የምመክረው ይህንኑ ነው። ወንዙ ላይ ያለው የእንጨት ድልድይ ጋ ቆመን ሳልሞኖቹ ከባሕር ተመልሰው ሽቅብ ሲዘሉ እናያለን። አርኔል የሳሙና ሽታ አለው። ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላውን በሁለታችን ላይ ይዘረጋል፤ እኔ ደግሞ አንድ እርምጃ ወጣ ብዬ እርሳለሁ።

«ግቢ እንጂ፣ ትታመሚያለሽ!»

«እኔ? ጃንጥላ ሥር? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ቆይ፣ አንድ ቀን ትገቢያለሽ።»

ማክሰኞ አልፎ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ያሉት ስድስት ቀኖች ይረዝሙብኝ ነበር። ወድጄዋለሁ። መውደዴን ማመን ግን ፈራሁ፤ ምክንያቱም የአባቴ ነገር አለ።

መስከረም ገባ። በአንዱ ማክሰኞ አርኔል ድልድዩን ተደግፎ ውሃውን እያየ እንዲህ አለኝ፦ «የሚቀጥለው ጉዞ የመጨረሻ ነው። ለመጪው ዓመት የት መሥራት እንደምፈልግ ጠይቀውኛል። ወይ አላስካ፣ ወይ ሜዲትራኒያን። የዚያኑ ቀን፣ መርከቡ ከዚህ ከተነሣ በኋላ ወረቀቱን እመልሳለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «ሮዌና፣ እወድሻለሁ። ና ካልሽኝ አላስካ ብዬ እሞላለሁ፤ ከዚያም እዚሁ የምቀርበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን። ዝም ካልሽኝ ግን አልመጣም። ዝም ለምትል ሰው መመላለስ አልችልም።»

ቀና ብዬ ሳላየው ሳልሞኖቹን መቁጠር ጀመርኩ። እሱም አላስጨነቀኝም።

«አሁን አትመልሺ። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት፣ እዚሁ። ስልኬን ካንሶላ ጋር አጥቤዋለሁ፤ መደወል እንኳ አልችልም። እንዳትቀሪ።»

በዚያ ሳምንት እንቅልፍም ምግብም ጠላሁ። ኪዮስኩን ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በመጨረሻ አክስቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት።

ዓሣ መክተፏን ሳታቋርጥ ሰማችኝ። «አባትሽም እንዲሁ ነበር። በየበጋው ከዓሣ ፋብሪካው መርከብ ይወርዳል፣ በመስከረም ይሄዳል። እናትሽ ዓሣው ሲመጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ዓሣው መጣ።»

«ና ብላው ታውቃለች?»

«ምን አልሽ?»

«እናቴ። አትሂድ፣ ወይ ተመለስ ብላው ታውቃለች?»

አክስቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እሷማ ኩሩ ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «ቃል ሳይወጣት ነው የሸኘችው።»

በዚያች ቅጽበት ወሰንኩ።

ማክሰኞ ጠዋት የወደቡ ሰው የመርከቦቹን ሰዓት የሚገልጸውን ወረቀት እንደወትሮው ሰጠኝ። ሳላነበው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለአርኔል የምለውን ቃል እያጠናሁ ነበር። ለስምንት አሥር ጉዳይ ድልድዩ ላይ ደረስኩ። አርኔል የለም። ቀዩ ጃንጥላው ግን ተጠቅልሎ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል።

ደስ አለኝ። ቀድሞኝ መጥቷል፣ አንድ ነገር ሊገዛ ዞር ብሎ ነው አልኩ። ስምንት ሞላ። ስምንት ከአምስት ሆነ። ከድልድዩ ጫፍ ጫፍ ተመላለስኩ። ስምንት ከአሥር። ለራሴ ያጠናሁት ቃል ሁሉ ይጠፋብኝ ጀመር።

ሁለት አረጋውያን እንግዶች፣ ባልና ሚስት፣ እያለከለኩ ከላይ ወረዱ።

«ቀስ ብላችሁ!» አልኳቸው። «ምን ያስሮጣችኋል? ገና ከአንድ ሰዓት በላይ አላችሁ። ሳልሞኖቹን እዩ እንጂ።»

«ኧረ የለንም፣ የኔ ልጅ!» አለች ሴትየዋ የእጅ ሰዓቷን እያሳየችኝ። «ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን። ይህኛው ጉዞ አጭር ስለሆነ ካፒቴኑ ሰዓት አላስቀየረንም። ያለነው በሲያትል ሰዓት ነው።»

ሰዓቷን አየሁ። ዘጠኝ ከአሥር ይላል።

ኪሴ የነበረውን ወረቀት አወጣሁ። እዚያም «በሲያትል ሰዓት» ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል። ሠራተኞች እስከ ዘጠኝ ይግቡ ይላል፤ በእኛ ስምንት መሆኑ ነው። አርኔል በእሱ ስምንት ሰዓት መጥቷል። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዝናብ ላይ ቆሞ ጠብቆኛል። እኔ በጋውን ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲጠይቅ በቀይ ቀለም ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ በማን ሰዓት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም እንዳልኩ።

ጃንጥላውን ነጥቄ ሮጥኩ። ቦቴ ውስጥ ውሃ ገባ፤ አልቆምኩም። የወደቡ በር ላይ ያለው ጠባቂ አብሮ አደጌ ነው። እጁን ዘረጋብኝ።

«ሮዌና፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ተሳፋሪ ካልሆንሽ አላስገባሽም።»

«አንድ ቃል ብቻ ነው የምነግረው!»

«ለማን? ሠራተኛው ሁሉ ገብቷል እኮ።»

የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ሲሄድ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ይሸኛል። መምህሩም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ባለሱቁም ወደቡ ዳር ባለው አጥር ተደርድሮ ቆሟል። እየተጋፋሁ ፊት ደረስኩ። የቆምኩትም ከአክስቴ ጎን ነበር። መርከቡ ጮኸ፤ ገመዱ ተፈታ። ከፊት ባለው የሠራተኞች ሰገነት ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ወጥተው ከተማውን ይሰናበታሉ። ከመካከላቸው አንዱ አጥሩን ይዞ እጁን ሳያወዛውዝ ቆሟል። አወቅኩት።

«አርኔል!» ብዬ ጮኽኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። እጄን አወዛወዝኩ፤ ሁሉም ሰው እጁን ያወዛውዛል። ከዚያ ላይ ሆኖ ሲያየን ሁላችንም አንድ ነን፤ በኮፍያ የተሸፈነ ጭንቅላትና ጥቁር ካፖርት። ዓይኑ ላያችን ላይ ሄዶ አለፈ። መርከቡ ከወደቡ መራቅ ጀመረ።

ያኔ ጃንጥላውን ዘረጋሁት።

ከአፍ ወደ አፍ ወሬው ሲሄድ ተሰማኝ። «ምን ነካት?» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ፊቴ ተቃጠለ፤ ጃንጥላውን ግን እጄ እስከቻለ ወደ ላይ አነሣሁት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብቸኛው ጃንጥላ ነበር።

ነጭ የለበሰው ሰው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ ውስጥ ሮጠ። ጠፋ። ተቀይሞ ሄደ አልኩ። መርከቡ አፍንጫውን ወደ ባሕሩ አዞረ። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ በእኛ አገር ዝናብ ላይ እንባ አይለይም።

እንደገና ብቅ አለ። ከአንድ ጓደኛው ጋር ትልቅ ነጭ አንሶላ ይዘው ነበር። ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ ላይ እያነሡ ያርገበግቡት ጀመር። እኔም ጃንጥላውን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ና። ና። ና።

አክስቴ መርከቡን ትኩር ብላ አየች። «አንሶላውን የያዘው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«በደንብ ያጥባል። ከዚህ ድረስ ያበራል።»

መሳቄንም ማልቀሴንም አላውቅም። አክስቴ ግራ ቀኟን አየች፣ ኮፍያዋን አወለቀች፣ ጎንበስ ብላም ጃንጥላው ሥር ገባች።

«ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ሰው እንዳያየኝ» አለችኝ። ቀጥላም ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «ልጄ ብሎ ንስር የሚያደርገው ቤተሰብ መፈለግ አለብን። እስከ ግንቦት ጊዜ አለ» አለች።